ያ ረመዳን መቼ ይመለሳል?



  

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት የሆነችኝ የመጨረሻ ልጄ ናት። ባለፈው ረመዳን፣ ከኢፍጣር በኋላ ወደ ተራዊህ ለመውጣት ጫማዬን ሳጠልቅ በሩ ላይ ቆማ፣ «አባዬ፣ ያ የኮሮናው ረመዳን መቼ ነው የሚመለሰው?» አለችኝ። ደነገጥኩ። «አስተግፊሩላህ በይ! ያን ያህል ሰው የጨረሰ በሽታ ይመለስ ይባላል እንዴ?» ብዬ ገሰጽኳት። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ፣ «በሽታውን መች አልኩ፤ ረመዳኑን ነው እንጂ» አለች።

መልስ አልነበረኝም። መስጊድ ደርሼ ሶፍ ገባሁ፤ ልቤ ግን በሩ ላይ ቀርቷል። ልጄ ያኔ የ7 ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ዛሬ 12 ዓመቷ ነው። እኛ ትልልቆቹ እንደ ክፉ ሕልም ልንረሳው የምንፈልገውን ዓመት እሷ እንደ ጣፋጭ ነገር ይዛዋለች። ተሳስታ ይሆን? ወይስ እኛ ነን ከዚያ ዓመት ጭንቀቱን ብቻ ይዘን ጸጋውን የጣልነው? ለመሆኑ ሰው በሚሞትበት ዘመን ደስ ብሎት የነበረ ሰው በአላህ ፊት ተወቃሽ ነውን?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። በሽታው አገራችን መግባቱ የተነገረው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት እንደ ወርቅ ተወደደ። ታክሲ በግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ መጫን ጀመረ። መጋቢት 30 ላይ የአምስት ወር አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ከሁሉ የከበደው እጅ ለእጅ ተጨባብጦ ሰላም መባባል መቅረቱና የመስጊዶች መዘጋት ነበር።

እኔ መርካቶ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። ያኔ ሱቁ ውስጥ የነበረው ዕቃ ግማሹ በብድር የገባ ነው። ለረመዳንና ለኢድ ይሸጣል ብዬ ያስገባሁት ነበር፤ ለኢድ የሚለብስ ሰው ግን ከቤቱ አልወጣም። ታናሽ እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ እዚያም ሰዓት እላፊው ጠንክሮ ነበር። አባቴ 78 ዓመታቸው ነበር፤ አስም አለባቸው፤ የሚኖሩትም ከእኛው ጋር በኮንዶሚኒየም ቤታችን ውስጥ ነው። እንግዲህ ጭንቀት ሲመጣ በአንድ በር አይመጣም። ቀን የሱቁ ኪራይ፣ ሌሊት የአባቴ ሳል፣ በመካከሉ የእህቴ ስልክ አለመነሳት።

የጤና ሚኒስትሯ በየዕለቱ የሚያወጡትን ቁጥር በሱቁ የዱቤ ደብተር ጀርባ ላይ እመዘግብ ጀመር። ስንት ሰው ተመረመረ፣ ስንቱ ተያዘ፣ ስንቱ ሞተ። ማን እንዳዘዘኝ አላውቅም። ቁጥሩን ከጻፍኩት የያዝኩት፣ ከያዝኩት ደግሞ የማልደረስበት ይመስለኝ ነበር መሰል። ሌሊት እየተነሳሁ የትናንቱን ከዛሬው ጋር አስተያያለሁ። ልጆቼ ሲስቁ እቆጣለሁ። ባለቤቴ «ምን አጠፉ?» ስትለኝ፣ «በዚህ ጊዜ ሳቅ ምንድነው!» እላታለሁ።

አባቴ ከወሎ መጥተው አዲስ አበባ ከተቀመጡበት ጊዜ ጀምሮ፣ ታመው ካልተኙ በቀር፣ ለ40 ዓመት ሱብሂን በጀማዓ ሳይሰግዱ የቀሩበትን ቀን አላስታውስም። መስጊዱ ተዘጋ ሲባሉ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። «ምን አድርገን ነው ጌታዬ በሩን የዘጋብን?» አሉኝ። በዚያው ሰሞን የኩዌት ሙአዚን ሰዉ በየቤቱ እንዲሰግድ በአዛኑ ውስጥ ሲጣራ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልክ ይዞር ነበር፤ እሱን ሲያዩ ይብስ አለቀሱ።

እኔም የማውቀውን ነገርኳቸው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ዝናብ በበዛበት ቀን ሙአዚናቸው ሰዉ በየቤቱ እንዲሰግድ እንዲጣራ ማዘዛቸውንና፣ ሰዎች ሲገረሙ ይህን ከእርሳቸው የሚበልጠው፣ ማለትም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ)፣ እንዳደረጉት መመለሳቸውን ነገርኳቸው። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በምትባል ስፍራ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው፣ ሙሃጅሮችን አማክረው፣ አንሷሮችን አማክረው፣ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማክረው መመለሳቸውን ነገርኳቸው። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን ብለው ሲጠይቋቸው፣ አዎን፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ ነው የምንሸሸው ብለው መመለሳቸውን፣ አንዱ ወገኑ ለምለም ሌላው ወገኑ ደረቅ የሆነ ሸለቆ ውስጥ ግመሎቹን ያሰማራ ሰውም በየትኛውም በኩል ቢያሰማራ በአላህ ውሳኔ ነው ሲሉ መመሰላቸውን አስታወስኳቸው። ያም የዐምዋስ ወረርሽኝ የሚባለው ነው፤ ዓመቱም 18 ሂጅራ። አቡ ዑበይዳ በዚያው አለፉ፤ እርሳቸውን የተኩት ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም (ረ.ዐ) አለፉ።

ሌላም ጨመርኩላቸው። ኢብኑ ሐጀር አል ዐስቀላኒ ስለ ወረርሽኝ መጽሐፍ የጻፉ ዓሊም ናቸው፤ ሦስት ሴት ልጆቻቸውን በዚሁ በሽታ የቀበሩ አባትም ናቸው። በ833 ሂጅራ በካይሮ ሰዉ ሦስት ቀን ጾሞ ለዱዓ በአንድነት ሜዳ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት በቀን የሚሞተው ከ40 በታች ነበር፤ ወሩ ሳያልቅ ከ1000 በላይ ሆነ ብለው ጽፈዋል። ዱዓ ከቤትም ይደርሳል፤ መሰብሰቡ ግን በሽታውን ለማይታመመው አድርሶታል።

አባቴ ሁሉንም ሰሙኝ። «ገባኝ» አሉ። የገባቸው ግን ጆሯቸው እንጂ እግራቸው አልነበረም። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ ቀን ንጋት ላይ ስነሳ አልጋቸው ባዶ ነው። እየሮጥኩ ወረድኩ። ከተዘጋው የመስጊድ በር ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር፣ ጋቢያቸውን አንጥፈው ብቻቸውን ይሰግዳሉ። በአካባቢው አንድ ሰው አልነበረም። ተሰላምተው እስኪጨርሱ ጠበቅኩና በዚያ ጸጥ ባለ መንገድ ላይ ጮህኩባቸው። «እኛን ሊጨርሱን ነው? ለራስዎ ባያስቡ ለልጆቹ አያስቡም?» አልኳቸው።

ወንድሜ ሆይ! ቁርአን ወላጆቻችንን የመሰልቸት ትንፋሽ እንኳ እንዳናሰማቸው እንደከለከለን አንተም ታውቃለህ። እኔም አውቃለሁ። እንዲያውም ለወጣቶች ሳስተምረው የኖርኩት ነው። ያን ንጋት የጮኸው ግን ዕውቀቴ አልነበረም፤ ያ ደብተር ነው የጮኸው። መውጣታቸው ልክ ነበር አልልም፤ ተከልክሏል፣ ምክንያቱንም ነግሬያቸዋለሁ። ለእርሳቸው ሳዝን ብቻ እንዳልጮህኩ ግን አላህ ያውቃል። ፍርሃቴን የማወርድበት ሰው ፈልጌ ነበር።

አባቴ እቤት እስክንደርስ አንዲት ቃል አልመለሱልኝም። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ ስኒውን እንደያዙ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ግመልህን እሰር ተብለሃል። አስረሃል፤ አላህ ይቀበልህ። አንተ ግን ካሰርክ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለህ ገመዱን ስታይ ነው የምታድረው። ይህንን ደግሞ ማን አዘዘህ?»

ከዚያም ተዋዋልን። «እኔ ዳግመኛ አልወጣም፤ አንተም ያን ደብተር ዝጋው» አሉኝ። እርሳቸው ቃላቸውን ጠበቁ። እኔ ለመጠበቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከሚንበር ላይም ሆነ በየመድረኩ፣ ሙእሚን አይጨነቅም፣ የተጨነቀ ኢማኑ የደከመ ነው የሚሉ ወንድሞች አሉ። አላህ ይምራቸው፤ እኔ ይህን አልቀበልም። አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘውትረው ከሚያደርጉት ዱዓ አንዱ ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ መጠበቅን መለመን ነው። ዑለሞች ሲያብራሩት ጭንቀት ለሚመጣው ነው፣ ሐዘን ላለፈው ነው ይላሉ። ታዲያ ጭንቀት የማይነካን ፍጥረቶች ብንሆን ከእርሱ መጠበቅን መለመን ለምን አስፈለገ? ያዕቆብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ናፍቆት ዓይናቸው እስኪነጣ አላዘኑምን? የሙሳ እናት ልጇን ወንዝ ላይ ስትጥል ልቧ ባዶ እንደሆነ የነገረን ራሱ ቁርአን አይደለምን? ጭንቀት ራሱ ኃጢአት አይደለም። ጭንቀቱ ከጥንቃቄ አልፎ እንደ ሥራ ሲያዝ፣ ሰዓት ሲሰጠው፣ ደብተር ሲከፈትለት ነው ነገሩ የሚበላሸው። የዛሬውን ሪዝቃችንን የሚበላብን ያኔ ነው።

ሪዝቅ ስንል ደግሞ ገንዘብ ብቻ እንዳይመስለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤቱ ሰላም ሆኖ፣ በአካሉ ጤነኛ ሆኖ፣ የዕለት ጉርሱ ኖሮት ያነጋ ሰው ዱንያ በሙላዋ እንደተሰበሰበችለት ቁጠሩት ብለውናል። ይህ ሐዲስ ቲርሚዚ ዘንድ ነው፤ ለዓመታት ሳስተምረው ኖሬያለሁ። በዚያ ረመዳን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የቆጠርኩት። ቤት፣ ጤና፣ የዕለት ጉርስ። ሦስቱም ነበሩኝ። ሦስቱን አስቀምጬ የነገውን ነበር ስቆጥር የነበረው።

ረመዳን የገባው ሚያዝያ 16 ቀን 2012፣ በጁሙዓ ዕለት ነው። ሶፋውን ወደ ግድግዳው ገፋነው፤ ስጋጃ አነጠፍን። ማን ያሰግድ ሲባል አባቴ የ14 ዓመቱን ልጄን ወደ ፊት ገፉት፤ ከእኛ ሁሉ ብዙ ቁርአን የያዘው እርሱ ነበርና። ዐምር ኢብኑ ሰሊማ (ረ.ዐ) ገና በስድስት በሰባት ዓመታቸው ሕዝባቸውን ያሰግዱ እንደነበር አስታወስኩ። የልጄ ድምፅ ያን ሰሞን እየተለወጠ ስለነበር አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል። የመጀመሪያው ሌሊት ድምፁ መሃል ላይ ሲሰበር ታናሽ እህቱ ከኋላ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሲሳሳት እናቱ ከኋላ ታጨበጭባለች፤ ሴት ኢማምን የምታስታውሰው እንደዚያ ነውና። ትንሿ ልጄ ብዙ ጊዜ ሱጁድ ላይ እንደወረደች እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። አባቴ የልጅ ልጃቸውን ተከትለው ሲሰግዱ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ መስጊድ ሲሄዱ አይቼው አላውቅም። ወይም መስጊድ ውስጥ ፊታቸውን አይቼ አላውቅም ብል ይሻላል፤ ሁሌም ጎን ለጎን ነው የምንቆመው።

ሌላም ሌላም ነበር። አባቴና ትንሿ ልጄ በዘይት ቆርቆሮ አፈር ሞልተው በረንዳ ላይ ጤና አዳም ተከሉ፤ ከተራዊህ በኋላ ለሚፈላው ቡና ቅጠሉን የምትቆርጠው እርሷ ብቻ ነበረች። ሳምቡሳ መጠቅለል ሁላችንም ተማርን፤ የእኔው እየተፈታ ዘይቱን ያበላሸዋል ተብሎ ከሥራው ተባረርኩ። እህቴ ደግሞ አሠሪዎቿ ስልክ ፈቀዱላትና በኢፍጣር ሰዓት በኢሞ ትገባለች። የጅዳ መግሪብ ከእኛ በአስር በአስራ አምስት ደቂቃ ይዘገያል። እኛ አፍጥረን ስንጨርስ ትንሿ ልጄ አንዲት ተምር አስቀርታ፣ ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፋ፣ «አክስቴ፣ አዛን አለ?» እያለች ትጠብቃለች። እዚያ አዛን ሲል ሁለቱም አንድ ላይ ይጎርሳሉ። አባቴ ቡናቸውን ይዘው መንዙማ ያንጎራጉራሉ። (በመንዙማ ጉዳይ ከአባቴ ጋር ለዓመታት ተከራክረናል፤ ያን ዓመት ግን ዝም አልኩ፤ ዝም በማለቴም አልተጸጸትኩም።)

ታዲያ ይህ ሁሉ ደስታ ያሳፍረኝ ነበር። ስስቅ ቆይቼ ድንገት ደብተሩ ትዝ ይለኛል። ሰው እየሞተ እኔ ሳምቡሳ እጠቀልላለሁ? ይህ መዘናጋት አይደለምን? ነገሩ ሲከብደኝ የሐንዘላን (ረ.ዐ) ታሪክ መለስ ብዬ አነበብኩ። ሐንዘላ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲሆኑ ጀነትና ጀሀነምን በዓይናቸው የሚያዩ ያህል ይሰማቸዋል፤ ቤታቸው ሲገቡ ከሚስትና ከልጅ ጋር ሲጫወቱ ብዙውን ይረሱታል። ሙናፊቅ ሆኛለሁ ብለው እየጮኹ ወጡ። በመንገድ ያገኟቸው አቡ በክር (ረ.ዐ) እንኳ እኔም እንደዚያው ነኝ አሏቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመለሱላቸው ለዚያም ጊዜ አለው፣ ለዚህም ጊዜ አለው የሚል ትርጉም ያለው ነው። አልገሰጿቸውም።

ለእኛ ለሐበሾች የበለጠ ቅርብ የሆነም አለ። በኢድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከኋላቸው ሆነው እንዲያዩ ቆመውላቸዋል፤ ዓኢሻ ራሳቸው ሰልችቷቸው በቃኝ እስኪሉ ድረስም አልተንቀሳቀሱም። እስቲ አስቡት! ወህይ የሚወርድላቸው፣ ጠላት የሚዶልትባቸው፣ የአንድ ኡማ ሸክም በትከሻቸው ያለ መልእክተኛ፣ አንዲት ወጣት ጨዋታ አይታ እስክትጠግብ ቆመው ይጠብቃሉ። እኔ ልጆቼ አምስት ደቂቃ ሲስቁ መታገስ አቅቶኝ ነበር።

ይሁንና ደስታው ንጹሕ ነበር ብዬ እንዳልዋሻችሁ፣ የሚከተለውንም ልናገር። ረመዳን ሃያ ገደማ ሲደርስ ባለቤቴ አንድ ሳህን ሾርባ ለሕንፃው ዘበኛ እንዳደርስ ላከችኝ። ዘበኛው እንደ አባቴ የወሎ ሰው፣ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። ስወርድ አዛን ብሏል። ለእጅ መታጠቢያ በሩ ላይ ከተቀመጠው ጀሪካን ውኃ ቀድተው፣ ደረቅ ዳቦ እየነከሩ ያፈጥራሉ። በደህናው ጊዜ መኪና ሲያጥቡ፣ ዕቃ ሲያወጡ ከነዋሪው የሚያገኙት ሳንቲም ነበራቸው። ያ ሁሉ ከቀረ ሁለት ወር አልፎታል። ደመወዛቸውን ለአገር ቤት ይልኩታል። ሃያ ቀን ሙሉ ማስኬን አድርጌ፣ ርቀቴን ጠብቄ፣ «አሰላሙ ዐለይኩም አባባ» እያልኩ አልፌያቸዋለሁ። ርቀቱን በደንብ ነበር የጠበቅኩት!

ጎረቤቱ ተርቦ እርሱ ጠግቦ የሚያድር ሰው ምን እንደተባለ አንባቢ ያውቀዋል፤ መድገም አያስፈልገኝም። አንድ ቀን ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ)፣ አቡ በክርና ዑመር (ረ.ዐ) ርሃብ ከቤት አውጥቷቸው አንድ አንሷሪ ዘንድ በእንግድነት ተምርና ሥጋ በልተው፣ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥተው ከጠገቡ በኋላ፣ ስለዚህ ጸጋ በትንሣኤ ቀን ትጠየቃላችሁ ተብለዋል። ያን ሐዲስ ሳነብ ትንሿ ደስታም ሒሳብ እንዳላት ገባኝ። የሚጠየቁት ለምን ተደሰታችሁ ተብለው አይደለም። ጸጋውን ከማን ጋር ነበር የበላኸው፣ ማንንስ አልፈህ ነበር ይባላል እንጂ።

የኛ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ንክኪ እንዳይበዛ ልጆቹ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ባልዲ በገመድ አስረው ሾርባውን፣ ሳምቡሳውንና ተምሩን በበረንዳው በኩል ያወርዳሉ። ዘበኛው ዕቃውን ሲያነሱ ገመዱን ሁለት ጊዜ ይነቀንቃሉ፤ ያኔ ይጎትቱታል። በሁለተኛው ፎቅ የሚኖሩት ክርስቲያን ጎረቤታችን በየዓመቱ የፋሲካ ዳቦ ይልኩልን ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ፋሲካቸው ሚያዝያ 11 ቀን በር እንደተዘጋ ነው ያለፈው። ባልዲው በመስኮታቸው በኩል ሲወርድ ሲያዩ ጊዜ፣ «ቆይ ቆይ አንተ!» ብለው አስቆሙትና አንድ ቁራሽ ድፎ ጨመሩበት። ከዚያ ቀን በኋላ ባልዲው ሁለተኛ ፎቅ ሳይቆም ወርዶ አያውቅም። አባቴ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ሲያዩ፣ «ልጄ፣ ገመድ ማየት ካማረህ ይኸን እይ» አሉኝ። እኔም የዚያን ዕለት ማታ ደብተሩን ዘጋሁት።

ኢድ ግንቦት 16 ሆነ። ስታዲየም የለ፣ ተክቢራ የሚያሰማ ሰልፍ የለ፤ በቤታችን ሰገድን። በዚያ ዓመት ሐጅ ያደረጉት ሳዑዲ ውስጥ የነበሩ 1000 ያህል ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከኢትዮጵያ የሄደ ሐጃጅ የለም። ከዚያ በኋላ መስጊዶች ተከፈቱ። አባቴ የመጀመሪያውን ሱብሂ ሰግደው ሲመለሱ ማስካቸው በእንባ ርሶ ነበር። ወራት ሙሉ በርቀት እየቆሙ፣ የራሳቸውን ስጋጃ ይዘው እየሄዱ ሰገዱ።

በመጋቢት 2013 ሁለተኛው ዙር ሲበረታ መጀመሪያ የታመምኩት እኔ ነኝ። መርካቶ ሱቅ ከፍቶ ሰው አልቀርብም ማለት አይቻልም። ክትባቱ ገና መጀመሩ ነው፤ እርሱም ቅድሚያ ለጤና ሠራተኞች ነበር። እኔ ተነሳሁ፤ አባቴ ተኙ። ኦክስጅን ፍለጋ የተንከራተትንበትን ዝርዝር አልጽፈውም፤ በዚያ ሰሞን የታመመ ዘመድ የነበረው ሁሉ ያውቀዋል። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ወደ አኺራ ሄዱ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። በወረርሽኝ ለሞተ ሙእሚን የተነገረውን የሸሂድነት ደረጃ አላህ እንዲሰጣቸው ዱዓ እናደርጋለን።

ያኔ ሸይጣን መጣብኝ። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ጠቀመ? በሽታው በራስህ እግር አይደል የገባው? አለኝ። ብዙ ሌሊት ከዚህ ጥያቄ ጋር አድሬያለሁ። ዛሬ የምመልሰው ይህን ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ከሰርግ ተመለሱ፤ ከዓመታት በኋላ ግን መዲና ውስጥ ሱብሂ ሲያሰግዱ ተወግተው ሞቱ። መመለሳቸው ስህተት ነበር ያለ ዓሊም የለም። እኛም ማሰራችን ልክ ነበር፤ ባናስር ኖሮ ያን ረመዳን ባላገኘነው። የሚቆጨኝ የገመዱ መበጠስ አይደለም። አባቴ ግድግዳው ማዶ ቁጭ ብለው ቡና እየጠበቁኝ፣ እኔ ደብተር ላይ አቀርቅሬ ያሳለፍኳቸው ሌሊቶች ናቸው። እነዚያን ሌሊቶች ኮሮና አልወሰዳቸውም። እኔ ነኝ የሰጠሁት።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታውን ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ካነሳ ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ስለ ኮሮና የሚጨነቅ ሰው እምብዛም አላይም። ጭንቀቱ ግን አልሄደም፤ ልብስ ለወጠ እንጂ። ዛሬ የዶላር ምንዛሪ ነው፣ የቤት ኪራይ ነው፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ወሬ ነው። ደብተሬን ዘግቼ ስልኬን ከፍቻለሁ። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከሱብሂ በፊት ስልካችሁን ስታነሱ ምን ፍለጋ እንደሆነ እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ አላስደሰተኝም።

ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ። በማግስቱ ማታ ጫማዬን አላጠለቅኩም። ተራዊህ በጀማዓ መስገዱ ታላቅ ሱና መሆኑን አውቃለሁ፤ በቤት ቢሰገድም ይቻላል። «ዛሬ ሶፋውን ግፉት» አልኳቸው። ልጄ አሁን የ19 ዓመት ወጣት ነው፤ ድምፁ ረግቷል፤ ስለዚህ የሳቀ አልነበረም። እናቱም አላጨበጨበችም፤ አልተሳሳተምና። በአባቴ ቦታ ላይ ማንም አልቆመም፤ ማንም ግን አትቁሙ አላለም። ጤና አዳሙ ዛሬም በዚያው ዝገት በበላው ቆርቆሮ ውስጥ አለ፤ ቡናው ላይ ቅጠሉን የጣለችው እርሷው ናት።

ከቡናው በኋላ ትንሿ ልጄ ከዕቃ ማስቀመጫው ገመዱን አወጣች። የቀድሞው ዘበኛ አገራቸው ከገቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አሁን ያለው ወጣት ልጅ ነው። ባልዲው ከላይ ሲወርድበት ግራ ተጋብቶ ቀና ብሎ አየን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተና የጎረቤታችን ድምፅ፣ «ውሰድ እንጂ ልጄ፣ ላንተ ነው! ስታነሳ ሁለቴ ነቅንቀው!» አለው። ልጄ በረንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛለች። እኔም ከአጠገቧ ቆሜ ጠበቅኩ። አንድ ጊዜ ነቀነቀው። ቆየና ደገመው።